ያልተሰፋው አፎት

አጎቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ቀሐ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጦ ለወደደው ሰው ሁሉ የቢላ አፎት ከቆዳ ይሰፋ ነበር። ቢላ እንዲሁ ይዘን ስናልፍ ካየ፣ "ስለት ራቁቱን አይሄድም" ብሎ ይቀበለንና ይለካዋል።

ባለፈው ክረምት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወስፌው ደጋግሞ ጣቱን ወጋው። ቁስሉን የማጥብለት እኔ ነበርኩና ሰለቸኝ፤ ወስፌውንም ቆዳውንም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

"ልጄ፣ ስጭኝ፤ ቀስ ብዬ እሰፋለሁ" አለኝ።

"ተው እንጂ አያ! ያንተን ጠማማ ስፌት አሁን ማን ይፈልገዋል?" አልኩት።

ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ደጃፍ እየተቀመጠ የጋቢውን ጠርዝ በጣቱ ሲለካ ይውላል። ሁለት ወር ሳይሞላው አረፈ።

ለቅሶ ደራሹ ቤቱን ሲሞላ እሱ የሚቀመጥባትን ቦታ ማንም አልደፈራትም። ከኮላ ድባ የመጣ አንድ የማላውቀው ገበሬ አጠገቤ ተቀመጠ።

"አፎት ሊሰፋልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር" አለኝ። "በመጣሁ ቁጥር፣ 'የልጄ ልብ እስኪራራ ታገሠኝ' ይለኛል። ያቺ ልጁ የቷ ናት?"

"እዚህ የለችም" አልኩት።