ከለቅሶ ድንኳን ያወጣሁት ገዳይ

በመጽሐፍ ሰው መግደል እችልበታለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ሦስት ልብ ወለድ አሳትሜያለሁ፣ ሦስቱም በድሮ ዘመን ስለተፈጸመ ግድያ ናቸው። እዚህ ጉለሌ ካነበቧቸው ሰዎች ገዳዩን ቀድሜ አወቅሁ ያለኝ እስካሁን የለም። ፈሪ መሆኔንም አልደብቅም። ልጄ ዊንጌት ላይ ታክሲ አጥታ ትንሽ ብትቆይ፣ በሐሳቤ ቀብሬያት ተመልሻለሁ። በር ሲንኳኳ ሌላው እንግዳ መጣ ይላል፤ እኔ መርዶ መጣ እላለሁ። ለዚህ ሥራ ያበቃኝም ይሄው ይመስለኛል።

የድሮ ወረቀት ማገላበጥ የተማረ ሰው ሥራ ነው። የእኔ መዝገብ ቤት የእድራችን ድንኳን ነው። ለቅሶ ሦስት ቀን ሲቀመጥ የመጀመሪያው ቀን የእንባ ነው። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ ስለ ሟች አባት፣ ከዚያም ስለ አያቱ ማውራት ይጀምራሉ። በሦስተኛው ቀን የአያቱ በቅሎ ሳትቀር ትነሣለች። የሰማሁትን ቤቴ ገብቼ ልጄ ጽፋ በተረፋት ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ እሷ ደግሞ በኮምፒውተር ትገለብጥልኛለች።

"እማ፣ ይሄ ሰውዬ ቅድም ሞቶ ነበር እኮ! እዚህ ጋ ደግሞ ጠላ ይጠጣል።"

"በቃ፣ ጠላውን ለሌላ ሰው ስጪው" እላታለሁ።

ሦስተኛው መጽሐፌ ከአንድ ጎረቤታችን ለቅሶ የመጣ ነው። የሟች አያት ባለ አንድ ቀንድ በሬ ተሰርቆባቸው የጠረጠሩትን ሰው ከሰሱ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ይቋጠርና ቁራኛ ሆነው፣ አብረው እየበሉ አብረው እየተኙ፣ እስከ ዳኛው ድረስ ይሄዱ ነበር። ይህን ስሰማ እንደ ልማዴ ሞት ታየኝ። ከሁለቱ አንዱ ሞቶ ቢያድርስ? ቋጠሮው ሳይፈታ? ሐሳቡ እንዳይጠፋብኝ በሁለተኛው ቀን ከድንኳኑ ወጥቼ ወደ ደብተሬ ሮጥሁ። በሦስተኛው ቀን አልተመለስኩም።

በመጽሐፌ ተከሳሹ መንገድ ላይ ሞቶ ይገኛል። አገሩ ሁሉ "ከራሱ ጋር የተቋጠረን ሰው የሚገድል ሞኝ የለም" ብሎ ከሳሹን ነጻ ያወጣዋል። የገደለው ግን እሱ ነው። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ።

መጽሐፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ የሟቹ ጎረቤታችን ሚስት ሰላምታ ነሱኝ። ቀጥሎ ሌላ ለቅሶ ደረስኩ። ሲያወሩ የነበሩት ሽማግሌ እኔ ስቀመጥ ንፍሯቸውን አነሡ።

"ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል" አሉ።

ሦስቱን ቀን ስለ ብርድና ስለ ታክሲ ሰልፍ ተወራ። ከአጠገቤ የነበረች ሴት ለጎረቤቷ "አፍሽን ያዢ፣ ይቺ ትጽፍሻለች" ስትላት ሰማሁ። ፍርሃት የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ድንኳኑ ዝም ካለኝ አራተኛ መጽሐፍ የለም።

ሽማግሌ እንዳልልክ ዝም ያሉኝ ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው። ራሴው የሟች ሚስት ቤት ሄድኩ።

"የባለቤቴን አያት ነፍሰ ገዳይ አድርገሽ ደግሞ ቤቴ ትመጫለሽ?"

"እትዬ፣ ስማቸውን ቀይሬዋለሁ።"

"በሬውንስ? ባለ አንድ ቀንድ በሬ በየደጁ ነው ያለው?"

በሬውን ረስቼው ነበር።

"ለመሆኑ የነገሩን መጨረሻ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። "ዳኛው ጋ ሳይደርሱ በሬው ራሱ ቤቱ ገብቶ ተገኘ። ግን ያለ ዳኛ ቋጠሮ አይፈታም። እንደተቋጠሩ ሄዱ፣ እንደተቋጠሩ ይቅር ተባባሉ። አያትየው ልጃቸውን ከዚያ ከከሰሱት ሰው ሴት ልጅ ጋር አጋቡ። የባለቤቴ እናት እሷ ናት። አንቺ ሰውዬውን መንገድ ላይ ከገደልሽው ባለቤቴ ከየት ይመጣል?"

ይህ ሁሉ በሦስተኛው ቀን ተወርቷል። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሰውዬውን እየገደልኩ ነበር።

የእድሩ ስብሰባ ሲደርስ ተነሥቼ ቆምኩ።

"ለቅሶውን አቋርጬ ሄጃለሁ፤ ጥፋቴ ነው። በሬው የእሳቸው ቤት በሬ ነው። ገዳዩ ግን የእኔ ነው፤ ከራሴ ያወጣሁት። በእሳቸው ቤት ሰው የገደለ የለም።"

"ተሰምቷል፣ ተቀመጪ" አሉኝ ሴትየዋ። ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ጳውሎስ አካባቢ ለቅሶ ሆነና ድንኳን ገባሁ። እኚያው ሽማግሌ ወሬያቸውን ቆረጡ። ሴትየዋ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ የነጠላዬን ጫፍ ሳቡና ከራሳቸው ነጠላ ጋር ቋጠሩት።

"ሦስቱን ቀን ቁራኛዬ ነሽ" አሉኝ። ወደ ሽማግሌው ዞረው "ይንገሯት፣ አሁን የትም አትሮጥም" አሏቸው።

ሽማግሌው ቋጠሮውን አዩ፣ እኔን አዩ። ንፍሯቸውን አስቀምጠው ከበቅሎዋ ጀመሩ።