የአባዬ ካፖርት ቁልፍና የእማዬ ባሩድ

ባለፈው ሳምንት የአባዬን ካፖርት ከላውንደሪ ስቀበል ሴትዮዋ «አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል፣ ልትከልበት?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ምን ታድርግ፣ ግራ ገብቷት አየችኝ። ካፖርቱን ታቅፌ ትራም ውስጥ ስቀመጥ፣ የናስና የማሽን ዘይት ሽታ ያላት የምድር ቤት በርኺንጋችን፣ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችን ማለቴ ነው፣ ድንገት አፍንጫዬ ላይ መጣች።

ልጅ ሆኜ ሆላንድ፣ ዴንሃግ ከተማ፣ ትራንስቫል ሰፈር ነበር የምንኖረው። ጎረቤቶቻችን በርኺንጋቸው ውስጥ ብስክሌትና አሮጌ ፍራሽ ያጉራሉ። እኛ ቤት ግን እማዬ ጠረጴዛ አስገብታ ጥይት ትሞላበት ነበር! አትሳቁ፣ እውነቴን ነው፤ ፈቃድ አላት፣ ባሩዱም ካዝና ውስጥ ነው። ነገሩን ያመጣው ኦፓ ቪም፣ አያት ቪም እንደማለት፣ የምንለው ሆላንዳዊ ሽማግሌ ነው። እማዬ ቤቱ እየሄደች የታመመች ሚስቱን ትንከባከብ ነበርና፣ መድኃኒት በጠብታ ስትለካ እጇ ዝንፍ እንደማይል አይቶ ሮተርዳም ወዳለው የተኩስ ክለቡ ወሰዳት። በዚያው ቀረች።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም፣ እንደገና ይሞላል። ቂጡ ላይ ምስር የምታክል መለኮሻ ትገባለች፣ ስላግሁቼ ይሏታል፤ ከዚያ ባሩድ፣ ከላይ የእርሳስ አረር። እኔ ባሩድ መንካት ክልክል ነው። መከላከያ መነጽሬን አድርጌ ማየትና ከተኩስ በኋላ ኢላማው ላይ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተጠጋጉ መለካት ግን የኔ ሥልጣን ነበር። ወይ ኩራት! ክፍል ውስጥ እንደኔ ያለ ሥራ ያለው ልጅ አልነበረም።

አባዬ ግን ነገሩን አልወደደውም። መዘምር ነው፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የእገሌ ሚስት ተኳሽ ሆነች» መባሉ አንገቱን አስደፋው። አንድ ቀን በርኺንጉ በር ላይ ቆሞ «ለክለቡ ቡድን ከተመረጥሽ አፌን እዘጋለሁ። ካልተመረጥሽ ይሄ ጠረጴዛ ከቤቴ ይውጣልኝ» አላት። እማዬ ወዲያው «እሺ፣ ቃልህ ነው!» አለችው። እኔ ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ጠረጴዛው ከወጣ የኔም ሥልጣን አብሮ መውጣቱ ነዋ!

ደግሞ ክፉ አጋጣሚ፣ እማዬ የለመደችው ባሩድ ልክ ያን ጊዜ ከገበያ ጠፋ። ኦፓ ቪም ሁለት ዓይነት ባሩድና ሁለት ዓይነት ስላግሁቼ ይዞ መጣ፤ አንደኛዋ የተለመደችው፣ ሌላዋ እሳቷ የበረታ። «አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ተኩሺ፣ እዪ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትነኪ» አላት። እማዬ ማንን ሰምታ! ቸኩላለቻ። ባሩዱንም ስላግሁቼውንም ባንዴ ቀየረች፣ ያውም ኃይለኛዋን መርጣ። ክለቡ አዳራሽ ውስጥ ተኩሱ ጆሮ መሸፈኛዬን አልፎ ደረቴን ሲመታኝ «አቤት ግርማው!» ብዬ ዘለልኩ። ኢላማው ሲመጣ ግን ቀዳዳዎቹ ተበታትነው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን እንኳ አልሸፍናቸው አለ። ኦፓ ቪም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እማዬ ቅንድቧን ብቻ አከከች።

ከዚያ በኋላ አደብ ገዛች። ባሩዱን ሳትነካ ስላግሁቼዋን ወደ ተለመደችው መለሰቻት፤ ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው በሲኒ አፍ ተሸፈኑ። ስላግሁቼዋን ሳትነካ ደግሞ ባሩዱን ወደ ሌላኛው ቀየረች። አዳራሹ ብርድ ስለሆነ የአባዬን ካፖርት ደርባ ነበር። ኢላማው ሲመጣ ሲኒው በጣም ሰፋ! የምለካበት ሳጣ እማዬ በክር የተንጠለጠለውን የካፖርቱን ቁልፍ ቦጨቅ አድርጋ ሰጠችኝ። አስቀመጥኩት። ሁሉንም ሸፈነ! አዳራሹ እስኪናጋ ጮህኩ፤ እማዬም እኔን ዝም ልታሰኝ መጥታ እሷም ጮኸች።

እሑድ አባዬ ቁልፉን ቤቱን ሙሉ ሲፈልግ እኔ ኪሴ ውስጥ ጨብጬው ነበር፤ ከእማዬ ጋር ተያየን። ደረቱን ከፍቶ ቅዳሴ ሄደ።

የምርጫው ቀን እሱም መጣ፤ ጠረጴዛው ሲወጣ ሊያይ ነው መሰለኝ። እጁን አጣምሮ ከኋላ ቆመ። እማዬ ተነፈሰች፣ ተኮሰች፣ ደገመች። እኔ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ። ኢላማው በሽቦው ላይ እየተንሳፈፈ ሲመጣ ሮጬ ቁልፉን አስቀመጥኩበት፤ አንድም ቀዳዳ አልታይ አለ። አባዬ ጎንበስ አለ።

«ይሄ የኔ ቁልፍ አይደለም እንዴ?»

ጉድ ፈላ አልኩ። እሱ ግን ቁልፉን አነሳው፣ ቀዳዳዎቹን አየ፣ መልሶ አስቀመጠው። ደግሞ አነሳው። ከዚያ ወደ ሆላንዶቹ ዞሮ በዚያ በተሰባበረ ደችኛው «ኑ! ኑ እዩ! ሚስቴ ናት!» እያለ ይጣራ ጀመር። እማዬ ተመረጠች። የሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወሬውን ያዳረሰው ራሱ ነው።

ዛሬ ኦፓ ቪም የለም። እማዬም እጇ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መተኮስ ትታለች፤ ይሄ ያሳዝነኛል። ጠረጴዛው ግን አምስተልቨን፣ እኔ ቤት ነው። እኔ ስሞላ ከጎኔ ተቀምጣ «ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትነኪ!» ትለኛለች፣ የራሷ ምክር አስመስላ። ያኔ ለካሁላት፣ አሁን በዚያው ቁልፍ ትለካልኛለች።

ካፖርቱን ለአባዬ ሳደርስለት ሴትዮዋ ቁልፍ ልትተክልበት እንደነበር ነገርኩት። ደነገጠ። «ተከለችበት እንዴ?» ብሎ ቦታውን በጣቱ ዳበሰ። ባዶ መሆኑን ሲያይ ተነፈሰ።

«ምነው ብትነግሪያት፣ እሱ ሥራ ላይ ነው» አለኝ።