ቤት ላሳይ ሄጄ ዘለልኩ

ሥራዬ ቤት ማከራየት ነው። አራዳ ውስጥ የገዛኋቸው ጥቂት አፓርታማዎች አሉኝ፤ የሌሎች ሰዎችንም ቤት አስተዳድራለሁ። ከስድስት ኪሎ ዝቅ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቴ ግን ተከራይ አጥቶ ባዶውን ስለከረመ ጨንቆኝ ነበር። ታዲያ ባለፈው አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት "የሚከራየውን ቤት አሳየኝ" ብለው ሲመጡልኝ ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ሴትየዋ እንደ ሌላው ሰው መስኮቱንም ውሃውንም አላዩም። ወለሉን ብቻ እያዩ "ልጄ፣ እስቲ እዚያ ድረስ ሂድ" አሉኝ። ሄድኩ።

"አሁን ደግሞ ሮጥ በል።"

ሮጥኩ። ወንበር ጎትት ሲሉኝም ጎተትኩ። ከዚያ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው "እስቲ ዝለል!" አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከነከረባቴ! ተከራይ እንዳያመልጠኝ ብዬ ዘለልኩ።

"ሰማሽ?" አሉ በስልኩ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

"እማማ፣ ቤቱን ወደዱት?" አልኳቸው እያለከለክኩ።

"ቤትስ አለኝ ልጄ። ከእህቴ ጋር እዚሁ ከእግርህ ሥር ነው የምንኖረው።"

ስሞታ መጣ ብዬ ቶሎ "ምንጣፍ አነጥፋለሁ" አልኩ።

"ኧረ ምን በወጣህ! ተከራዮችህ ከወጡ ወዲህ የልጆቻቸው ሩጫ አልሰማ ሲላት፣ እህቴ 'ልደነቁር ነው' ብላ ስታለቅስ ከረመች። ቤቱ ባዶ ነው ብላት አላምን አለችኝ። ተመስገን፣ ይኸው ዝላይህን ሰምታ እየሳቀች ነው!"