የሳሎኑ መጋረጃ

ፔዳ በሚባለው ሰፈር በተከራየሁት ክፍል መጋረጃ ስሰቅል፣ ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ ሲንሿሹ ሐይቁ ዳር የነበረው የልጅነት ቤታችን ትዝ አለኝ።

ክረምት ነበር። ጎርፍ በየቤቱ እየገባ ስላስቸገረ የሰፈሩ አባወራዎች ቦይ ለማስቆፈር እኛ ቤት ሳሎን ተሰብስበዋል። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እኔ እግሯ ሥር ተቀምጫለሁ። አባቴ ጧት እሷ የነገረችውን፣ ቦዩ ውሃውን ወደ ሐይቁ ያውርደው የሚለውን አሳብ ተናገረ፤ ሁሉም ወደዱለት።

«ታዲያ ከየት ይጀመር?» አሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ሙሄ።

አባቴ ግራ ገባው። «እሷን ጠይቋት፣ አሳቡ የሷ ነው» አለ። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

«ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ይጀመር፤ ውሃው የሚነሣው ከዚያ ነው» አለች እናቴ ጮክ ብላ።

በመጋረጃው ሥር አሾልቄ ሳይ የሁሉም ጫማ አሁንም ወደ አባቴ እንደዞረ ነው። መልሱን ከሱ ይጠብቃሉ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ» አለ።

«አሁን ገና ተናገርህ» አሉት ጋሽ ሙሄ።

እንግዶቹ ሲወጡ «እማዬ፣ አልሰሙሽም እንዴ?» አልኋት።

«ድምፁንማ ሰምተውታል» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደነበር እስከ ዛሬ አሰላስለዋለሁ።

መጋረጃውን ሰቅዬ ስጨርስ ደወልሁላት። «ያን ቀን ግን ለምን ወጥተሽ አልነገርሻቸውም?»



«ወጥቼ ነበርኮ» አለች። «ቢላውን እንደያዝሁ መሀላቸው ቆሜ ነው የተናገርሁት። አንችም አላየሽኝም?»