ክብሪቱን ያቀበልኳት እኔ ነኝ

ቤተ ክርስቲያናችን አንድ የቆየ ልማድ አለው። የሕንጻው የባንክ ዕዳ ተከፍሎ ሲያልቅ ውሉ ጓሮ ውስጥ፣ ዶሮ በምንጠብስበት ትልቅ የብረት ድስት ይቃጠላል። መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይበላል። እኔ ሃስከል በዚህ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ዲያቆን ሆኜ ስኖር ይህን ልማድ ጠግቤው አላውቅም። አንድ ጊዜ ግን ያለ ቦታው አመጣሁትና የቨርኔልን እንጀራ አቃጠልኩ።

በምዕራብ ቺካጎ፣ በእኛ መንገድ፣ ቨርኔል ታብስን የማያውቅ አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምራ ከረሜላ ፋብሪካ ስለሠራች ባጠገብህ ስታልፍ የተቃጠለ ስኳር ትሸት ነበር። ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራው ሌላ አገር ሲሄድ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ባዶ እጇን ቀረች። ያኔ ነው ከቤቷ በስተኋላ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ማሪዋና መሸጥ የጀመረችው። የምታሽገው ደግሞ በእኛው የአሥራት ፖስታ ነበር፤ በየወንበሩ ጀርባ በምንሰካት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም በታተመባት በዚያች ትንሽ ነጭ ፖስታ። የሰፈሩ ሰው ወዴት ነው ሲባል «አሥራት ላወጣ» ይል ነበር። ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ እኔም ወገቤን ሲያመኝ ሁለት ሦስቴ አሥራት አውጥቻለሁ።

ፖሊስ የያዛት ቀን ፖስታዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው በቴሌቪዥን ታዩ። በዚያው ሳምንት እሑድ ስሟን ከአባላት መዝገብ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ደንበኞቿ ሁሉ እዚያው ተቀምጠን ነበር፤ ስለ እሷ አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ የእኔም ምሳር ስል ነበረች።

ሦስት ዓመት ታስራ ወጣች። የመንግሥት ቤት ብትጠይቅ የወንጀል ሪከርድ አለብሽ አሏት፤ ሆስፒታል ላጽዳ ብትል ሪከርድ፣ ትምህርት ቤት ምሳ ላቅርብ ብትልም ሪከርድ። መግቢያ ብታጣ ጌሪ ከተማ እህቷ ዘንድ ሄዳ፣ የሰው ቤት እየጠረገች ልጆቿን አሳደገች። እህቷ ስትሞት ወደ ሰፈሯ ተመለሰች። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣም ከመጨረሻው ወንበር አልፋ አትቀመጥም ነበር፤ ባየኋት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

በተመለሰች በሦስተኛው ዓመት ሕጉ ተለወጠ፤ ማሪዋና እንደ ቢራ በፈቃድ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ከድሮው ደረጃዋ ትይዩ ዙሪያው መስተዋት የሆነ ሱቅ ተከፈተ። ባለቤቶቹ ከከተማው ሰሜን በኩል የመጡ፣ የናጠጡ፣ እጃቸው ካቴና ነክቶት የማያውቅ ሰዎች ናቸው። ቨርኔል ቆማ ስታያቸው አገኘኋት።

«ሃስከል፣ እኔ ደረጃ ላይ ስሸጥ ወንጀለኛ፣ እነሱ መስተዋት ውስጥ ሲሸጡ ባለሀብት። ልዩነቱ መስተዋቱ ነው እንዴ?»

«እነሱ ደረሰኝ ይሰጣሉ» አልኳት።

«እኔስ በፖስታ አልሰጥህም ነበር?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

የድሮ ክስ የማሰረዝ ዕድል አለ ሲባል ስሰማ፣ የእኔንም ኃጢአት አብሮ የሚሰርዝልኝ መሰለኝ። ያለ ክፍያ የሚሠሩ ጠበቆች አፈላልጌ ወደ አዳራሻችን አመጣሁ። ቨርኔልን ጨምሮ የአሥራ ዘጠኝ ሰው ሪከርድ ተሰረዘ። ጠበቆቹ የየሰዉን የፍርድ ወረቀት ለየባለቤቱ የመለሱ ዕለት ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ፤ ድስቱ ይውጣ፣ ወረቀቱ ሁሉ እንደ ባንክ ዕዳችን ይቃጠል አልኩ።

ሰው በደስታ ሰከረ። አንዷ ጠበቃ በር ላይ ቆማ ካፖርቷን እየለበሰች፣ «አንዳንድ ቅጂ አስቀሩ፤ አንድ ቀን ሊያስፈልጋችሁ ይችላል» አለች። ከመዝሙሩ ጩኸት በላይ ሰማኋት። የጠበቃ ነገር፣ ለወረቀት ሲሞቱ፣ ብዬ በሆዴ ናቅኋት። ከዚያ ቨርኔልን ከኋላ ወንበር እጇን ይዤ አመጣሁና፣ ክብሪቱን በመጀመሪያ ለእሷ አቀበልኳት። እንባዬ ይወርድ ነበር። እሷ ወረቀቷን አንድ ጊዜ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ለኮሰችው። የዚያን ቀን የበላሁት የኮክ ኬክ ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ፤ አሁን ሳስበው ያቅረኛል።

አራት ወር ሳይሞላ አዲስ ማስታወቂያ ወጣ። በማሪዋና ምክንያት የታሰሩ ወይም ካለፉት አሥር ዓመታት አምስቱን በእስሩ በተጎዱት ሰፈሮች የኖሩ ሰዎች፣ ለሱቅ ፈቃድ ቅድሚያ ያገኛሉ የሚል ነው። ቨርኔል ከጌሪ ከተመለሰች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ እንዳትኖር ያደረጋት ራሱ ሪከርዱ ነበር። መታሰሯ ግን አለ። የተዘጋውን ፀጉር ቤት የሚያከራያት ሰው አገኘች። ልጆቿ ከሥራቸው ለቀው አብረዋት ሊሠሩ ተስማሙ። የሱቁን ስም እንኳ አውጥታ ነበር፤ «አሥራት» ልትለው።

ፈቃድ መስጫው ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ትሁት ነበረች።

«ተፈርዶብዎት ያውቃል?»

«አዎ ልጄ። ሦስት ዓመት።»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች። «እዚህ ምንም የለም እማማ። ንጹሕ ነዎት።»

«ይቺን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ለምኜ የሰጠኝ የለም» አለች ቨርኔል። «ዛሬ ግን ንጹሕ አይደለሁም በይልኝ፣ እባክሽ።»

«የፍርዱ ወረቀት ካለዎት እቀበላለሁ። ማመልከቻው ግን ዓርብ ይዘጋል።»

ቨርኔል ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ምነው በተቆጣች።

ፍርድ ቤት ሄድን፤ የተሰረዘ መዝገብ ለማስከፈት ስድስት ወር ይፈጃል አሉን። ጠበቆቹ ወረቀቱን ለባለቤቱ መልሰናል አሉ። ዓርብ መጣ፣ ሄደ። በኋላ ስንሰማ ፈቃዱን ከወሰዱት መካከል ወረቀት ያለው ድሃ ፈልገው ከፊት ያቆሙ፣ ከኋላ ግን ራሳቸው የሚበሉ ሀብታሞች ነበሩበት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይሉኛል ሰዎች። ያፈሰሰው ሰው ምን ያድርግ የሚለኝ ግን የለም።

አሁን ቨርኔል እዚያው መስተዋት ሱቅ ውስጥ ተቀጥራለች። ሪከርድ ስለሌላት ነው የቀጠሯት። በሰዓት እየተከፈላት፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ቆማ ውላ፣ ሰዎቹ የሚሸጡትን በትንንሽ ነጭ ከረጢት ታሽጋለች። እጇ አልረሳም፤ አንዷ ከረጢት ካንዷ አትበልጥም። ልጆቿ ሌላ ሥራ ፍለጋ ከከተማው ወጥተዋል።

ከብዙ ማመንታት በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው ዲያቆን፣ አሥራት ልታወጣ?»

«ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ። ያን ቀን ጠበቃዋ ቅጂ አስቀሩ ስትል ሰምቻታለሁ። ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት።»

እጇ ማሸጉን አላቆመም። «እኔም ሰምቻታለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን አቃጠልሽው?»

«ስሜን የሰረዝከው አንተ ነህ። ያን ቀን ደግሞ ቤቱ ሁሉ ቆሞልኝ፣ አንተ እያለቀስክ ክብሪት ዘርግተህልኛል። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ነገር ነው ሃስከል። ቆይ መጀመሪያ ቅጂ ላንሳ ልበልህ?»

ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል።

«በል፣ ካልገዛህ ዞር በል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አለቆቼ ያዩኛል።»

ዞር አልኩላት።