ለሞተር የተሰጠ ጋቢ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የአባቴ ታክሲ አንዳንድ ቀን ትነሳለች፣ አንዳንድ ቀን እንቢ ትላለች። አባቴ ጥፋቱን በደብረ ብርሃን ብርድ አሳብቦ ማታ ማታ ጋቢውን ለሞተሩ ያለብስና ራሱ በስስ ብርድ ልብስ ይተኛ ነበር። መኪናዋ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ እየመታትም እንቢ ስትል አይቻለሁ። እሱን መቃወም ስለከበደኝ ግን ዝም አልኩ። በኋላ ሳል ያዘው።

መካኒኩ የባትሪውን ገመድ በጣቱ ነቀነቀና «ጋሼ፣ ብርዱን በከንቱ ነው ያሙት፤ ይቺ ላልታ ነው» አለው። አባቴ ሊስቅ ሲል ሳሉ አቋረጠው።

ገመዱ ከጠበቀ ወዲህ መኪናዋ አስቸግራ አታውቅም። አባቴ ግን ሳሉ ስላልለቀቀው መንዳት አቆመ። ተሸጣ፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነስታ ከግቢያችን የወጣችው በአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ ጥር 22 ቀን ነው።