የእሱ ቁጥር ግን አልጨመረም

እኔና ባለቤቴ መድኃኒቱን የጀመርነው በአንድ ቀን ነው። ያኔ ዳንግላ ነበር የምንኖረው፤ እሱ በርና መስኮት የሚሠራ አናጺ፣ እኔ ልብስ ሰፊ። ልጅ አልነበረንም። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ እየከሳ ሲሄድ ጨጓራ ነው እያልን ተልባና አብሽ ስናፈራርቅ ከረምን። ጎኑ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶ መቀመጥ ሲያቅተው ነው ጤና ጣቢያ የሄድነው። እዚያ ደማችሁ ይታይ ተባልን፤ ሁለታችንም ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ማን ከማን እንዳመጣው አልተጠያየቅንም። ከመጋባታችን በፊት ሁለታችንም ሌላ ኑሮ ነበረን።

በዚያው ሳምንት ሲዲፎር ተለካን። ነርሷ ሲዲፎር ማለት በሽታን የሚከላከሉት የደም ሴሎች ብዛት እንደሆነ አስረዳችን። የእኔ ሦስት መቶ ገደማ ነበር፣ የእሱ ሠላሳ አንድ። ይህንን ስትነግረው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"በጣም ዘግይተው ነው የመጡት" አለችው። "ግን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይጨምራል።"

ይጨምራል ያለችውን ይዞ ወጣ። ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን አብረን እንውጥ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላለፈውም። አረቄ ተወ። ዘንገና አካባቢ ገጠር ያሉትን እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዝ ነበር። ለእናቱ ግን ምንም አልነገራቸውም። እኔንም እንዳልነግራቸው አስማለኝ።

ስድስት ወር ሲሞላን ደማችን ተልኮ ተመረመረ። ነርሷ ደስ ብሏት ጠራችን፤ ቫይረሱ የሁለታችንም ደም ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶ ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ "ቁጥሬስ?" አላት። የእኔ አምስት መቶ አልፏል። የእሱ አርባ ስምንት። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብሎ እንደገና አስለካ፤ ሃምሳ ሆነ።

ነርሷ በትዕግሥት አስረዳችው። ቫይረሱ መቆሙ አንድ ነገር ነው፣ የተጎዳው አካል መጠገኑ ሌላ ነው አለችው። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ቁጥሩ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፤ አንዳንዱም ጨርሶ እንቢ ይላል። ጥፋቴ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ምንም ጥፋት የለብዎትም አለችው። ወሽመጡን የቆረጠው ይህ ይመስለኛል። ጥፋት ቢኖርበት ያርመው ነበር።

እኔ ወፈርኩ። የቀሚሶቼን ስፌት እየፈታሁ አሰፋሁ፣ የእሱን ሱሪዎች ደግሞ አጠበብኩ። ይህንን የማደርገው እሱ ከቤት ሲወጣ ነበር። ጎረቤቶች አማረብሽ ሲሉኝ እሱ ካለ አንገቴን እደፋ ነበር።

አንድ ምሽት ክኒናችንን ልንውጥ ስንል እጄን ያዘኝ።

"ብልቃጣችንን እንለዋወጥ" አለኝ።

"አንድ ዓይነት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን እንለዋወጥ።"

ማንበብ ይችላል፤ ጽሑፉ አንድ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ለወጥነው። የእኔን ብልቃጥ ይዞ በጥንቃቄ አንዱን ክኒን መዳፉ ላይ አወጣ። እኔ ከእሱ ብልቃጥ ያወጣሁትን ክኒን አፌ ውስጥ ከትቼ ለመዋጥ ፈራሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያቺን አንዲት ምሽት ባሌ የሚወስደውን ክኒን ፈራሁ፤ እሱም አይቶኛል። በቀጣዩ ቀጠሮ ቁጥሩ አርባ አንድ ሆነ። ብልቃጤን መለሰልኝ፤ ስለ ነገሩ ዳግመኛ አላነሳም።

ከዚያ ቲቢ ያዘው። የቲቢውን መድኃኒት ጀምሮ ትንሽ ተሻለው ስንል ራስ ምታት መጣ። መጀመሪያ ሻሽ እያሰረ ሥራ ይሄድ ነበር። በኋላ መዶሻውን ወንድሙ ቤት አስቀመጠ። ብርሃን ማየት ሲጠላ፣ አንገቱም አልታጠፍ ሲል ሆስፒታል ወሰድነው፤ የሰውነት መከላከያው ባነሰበት ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚገባ ፈንገስ ነው አሉን። ለዚያ የሚሆነው መድኃኒት ያለው ባሕር ዳር ነበር። መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ስለነበር አምስት ቀን ጠበቅን። በአራተኛው ቀን እኔን በእናቱ ስም መጥራት ጀመረ። ባሕር ዳር ከደረስን በኋላ ብዙም አልቆየም።

የቀበርነው በእናቱ አጥቢያ ነው። እናቱ አገውኛ ነው የሚቀናቸው፤ አማርኛ ሲናገሩ ቃሉን እየፈለጉ ነው። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲበተን አጠገቤ ተቀመጡና ክንዴን በሁለት ጣት ያዝ አደረጉት።

"ከአንድ ማዕድ ነበር የምትበሉት" አሉኝ። "አንቺ እንዲህ ሆነሽ፣ ልጄን ምን በላው?"

የጭንቅላት ሕመም ነው አልኳቸው። ክንዴን ለቀቁት። በተዝካሩ ቀን ጠላ ልቀዳላቸው ስቀርብ ጣሳቸውን በእጃቸው ከደኑት። ያደረግሁበት ነገር ያለ መስሏቸዋል።

እውነቱን ብነግራቸው ያምኑኝ እንደሆነ እንጃ። መሐላውን የሚያነሳልኝ ሰው የለም። አሁን እንጅባራ ነው የምሰፋው፤ ሰኞ ሰኞ ለገበያ የሚመጡ የእሳቸው ጎረቤቶች በደጄ ያልፋሉ፣ ሰላም አይሉኝም።